ቀይና ሰማያዊ፦ ከካራማራ ማዶ የልብን ደም መከታተል

ክፍሉ ጨለም እንዲል መጋረጃው ተስቧል። የ11 ዓመቷ ልጅ በግራ ጎኗ ተጋድማ ግራ ክንዷን ተንተርሳለች። ጄሉ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው ያስደነግጣታል። «አይዞሽ፣ አያምም» ይላታል ሐኪሙ። ወደ እናቷ ዞር ብሎም «ሆዮ፣ ቀረብ በይና እጇን ያዣት» ይላል። እናቲቱ ከወንበሯ ተነስታ ትጠጋለች፤ ዓይኗ ግን እስክሪኑ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ግራጫ ምስል ነው። ልብ በአራት ክፍል ተከፍላ ትኮማተራለች፣ ትለጠጣለች። በግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው በር፣ ሐኪሞች ሚትራል ቫልቭ የሚሉት፣ ሁለት ስስ ክንፎቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የፊተኛው ክንፍ ጫፉ ወፍሯል፤ እንደ ልቡም አይንቀሳቀስም። ሐኪሙ አንድ ቁልፍ ሲጫን ግራጫው ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይፈነጥቃል። ልብ በተኮማተረች ቁጥር፣ ተዘግቶ መቆየት ከነበረበት በር ወደ ኋላ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጅረት ይተኮሳል። ሌላ ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ማሽኑ ድምፅ ያወጣል፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው።

ልጅቷ ከቀብሪበያህ ወይም ከቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬ ወይም ከባቢሌ ሪፈር ተጽፎላት ጅግጅጋ የደረሰች ማንኛዋም ልጅ ልትሆን ትችላለች። ታሪኩ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ከእኩዮቿ ጋር ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት ትራስ ካልተደራረበላት እንቅልፍ አይወስዳትም። ቤተሰቡ አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ደም ማነስ ነው ሲል ወራት ያልፋሉ። ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ተሽሏት፣ እንደገና ብሶባት ይሆናል። የልብ አልትራሳውንድ፣ በአጭሩ ኢኮ፣ ታዝዞላት ከዚህ አልጋ እስክትደርስ በሽታው ዓመታት አስቆጥሯል።

እስክሪኑን የሚያዩ ብዙ ወላጆች ቀዩ ንጹሕ ደም፣ ሰማያዊው የቆሸሸ ደም ይመስላቸዋል። ቀለሞቹ ግን ስለ ደሙ ንጽሕና የሚሉት ነገር የለም። ቀይ ማለት ደሙ ሐኪሙ ደረት ላይ ወደ ያዘው ፕሮብ እየመጣ ነው፤ ሰማያዊ ማለት ከፕሮቡ እየራቀ ነው። ደሙ ከልክ በላይ ሲፈጥንና ሲታወክ ማሽኑ አንድ ቀለም መስጠት ይሳነውና ቢጫውንና አረንጓዴውን ይደባልቃል። የልጅቷ ሐኪም ዓይኑን የጣለው እዚያ ድብልቅ ላይ ነው።

አልትራሳውንድ ደምን እንዴት ያያል? ከካራማራ ተራራ ቁልቁለት ወደ ጅግጅጋ እየወረደ ጥሩምባውን የሚነፋ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚሰማው ሰው መልሱን ይሰጣል። መኪናው ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ሾፌሩ ጥሩምባውን አልቀየረም፤ ድምፁን የለወጠው የመኪናው እንቅስቃሴ ነው። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ ያቀረበው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነበር፤ ያሳሰበው ግን የከዋክብት ብርሃን እንጂ የሰው ልብ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ጆሮ ያላቸውን ሙዚቀኞች ሐዲዱ ዳር አቁሞ ሕጉን በድምፅ ፈተነው። ሠራ።

ፕሮቡ የሚልከው ድምፅ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ነው። በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ይጓዛል፣ ቀይ የደም ሴሎችን መትቶ ይመለሳል። ደሙ በሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ፕሮቡ ከመጣ፣ የተመለሰው ድምፅ ከተላከው በሰከንድ በ3,200 ንዝረት ገደማ ይበልጣል። ይህ ልዩነት ራሱ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ወሰን ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ማሽኑ የሚያሰማው ሽውታ ልዩነቱ በድምጽ ማጉያ የወጣ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ገና እስክሪኑን ሳያይ በሩ እንደጠበበ ወይም እንደሚያፈስ ከድምፁ ይጠረጥራል።

ልብን በአልትራሳውንድ የማየት ሥራ የተጀመረው መርከብ በሚሠሩ ሰዎች መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ካርል ሄልሙት ኸርትስ፣ ማልመ የሚገኝ የመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ የሚፈልግበትን መሣሪያ ተውሰው የልብን እንቅስቃሴ መዘገቡ። ብዙም ሳይቆይ በጃፓን ኦሳካ ሺጌዎ ሳቶሙራ የዶፕለርን ሕግ በልብ ላይ ሞከረ። ለጅግጅጋዋ ልጅ ከሁሉ የሚጠቅማት ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኖርዌይ የመጣው ነው። በትሮንድሃይም ሐኪሟ ሊቭ ሃትሌ ከባልደረቦቿ ጋር የደምን ፍጥነት ወደ ግፊት የሚቀይረውን ቀላል ስሌት በሕሙማን ላይ አረጋገጠች፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዛ፣ ውጤቱን በአራት አባዛ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ቀደም ሲል በሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ለማወቅ በደም ሥር ቀጭን ቱቦ ልብ ውስጥ ማስገባት ግድ ነበር። ያ ልዩ ክፍል፣ ልዩ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በስሌቱ ግን በጠበበ በር የሚያልፍ ደም በሰከንድ 2 ሜትር ከሮጠ የግፊቱ ልዩነት 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ 4 ሜትር ከሮጠ 64። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የሚትራል በር ስፋትም እንዲሁ ይገኛል፤ በበሩ ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት በግማሽ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይለካና 220 ለእሱ ይካፈላል። ጤነኛ በር ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። መልሱ አንድ ወይም ከዚያ በታች ከመጣ በሽተኛዋ ምን ላይ እንዳለች ግልጽ ነው። ቱቦ የማስገቢያ ክፍል በሌለበት ከተማ ይህን ሁሉ ከደረት ውጭ ሆኖ ማወቅ ይቻላል።

ይቻላል እንጂ በራሱ አይመጣም። ፕሮቡ ከደሙ ጉዞ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በ20 ዲግሪ ቢያዘነብል ስህተቱ ከ6 በመቶ አያልፍም፤ በ60 ዲግሪ ካዘነበለ ማሽኑ ከእውነተኛው ፍጥነት ግማሹን ብቻ ያነባል፤ ደሙን በአግድም ከተመለከተው ምንም አያነብም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲነበብ ግፊቱ በሩብ ይነበባል፤ ማለትም ከባድ ጥበት ቀላል ተብሎ ይጻፋል። ማሽን ተገዝቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ እጁ የሠለጠነ ሰው ካልተቀመጠበት የሚያወጣው ወረቀት በሽተኛውን ሊጎዳው ይችላል። የገንዘብ እጥረት ያለበት ክልል በቅድሚያ ገንዘቡን ሊያፈስ የሚገባው እዚህ እጅ ላይ ነው።

የልጅቷን በር ያወፈረው ምንድን ነው? መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው የቶንሲል ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊወጋ ያዘጋጀውን መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያና ልብ ላይ ያዞራል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይይዛል። የጉልበትና የቁርጭምጭሚት እብጠቱ በሳምንታት ይጠፋል። የልቡ ቁስል ግን ይቀራል፤ ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር በሩ ይወፍራል፣ ክንፎቹ ይጣበቃሉ፣ ማፍሰስ ወይም መጥበብ ይጀምራል። ቶንሲል ሲታመም ወደ እንጥል ቆራጭ መሄድ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ዛሬም አለ፤ መቁረጡ ባክቴሪያውን አይገድልም፣ ልቡንም አይጠብቅም፣ ቁስሉ ግን ልጁን ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጠዋል።

ባክቴሪያው ከጉሮሮ ጉሮሮ የሚሻገረው ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቦታ ነው። የሶማሌ ክልል ሰሜን ደግሞ መጨናነቅን በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበት ሐርተሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። የቀብሪበያህ ጣቢያ ከ1991 ጀምሮ አለ፤ የአውበሬና የሼደር ጣቢያዎች በ2007 እና በ2008 ተከፍተዋል። በአንድ መጠለያ ውስጥ ብዙ ልጆች ጎን ለጎን ሲተኙ የአንዱ ጉሮሮ የሁሉም ነው። ድርቅ ከብቱን ጨርሶበት ወደ ከተማ ዳር የሚጠጋ አርብቶ አደር ቤተሰብም ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

የተጎዳ በር ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ሐኪም በማዳመጫ ደረቱን ቢያዳምጥ እንኳ ላይሰማው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። ተመራማሪዎች በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪዎችን መጀመሪያ በማዳመጫ፣ ቀጥሎ በኢኮ መረመሩ። በማዳመጫ የተገኙት በሁለቱም አገር ከ1,000 ልጆች 2 ያህል ነበሩ። በኢኮ ሲታዩ ካምቦዲያ ውስጥ ከ1,000 ወደ 22፣ ሞዛምቢክ ውስጥ ወደ 30 ደረሱ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። በኢትዮጵያም ደጁማ ያደታና ባልደረቦቻቸው በስድስት ክልሎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎችን በኢኮ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ልጆች 20 ያህሉ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት አግኝተዋል። አንድ ሺህ ተማሪ ያለበትን የጅግጅጋ ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ያየ ሰው ሃያ ልጅ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

በሽታው በኢትዮጵያ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚጥል የአገር ውስጥ ሐኪሞች ከተጨነቁበት ቆይተዋል። ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ እዚህ አገር ያለው ከሌላው ይልቅ የከፋ ይሆን? ብለው ጠየቁ።

በሩ አንዴ ከተበላሸ የሚጠግነው በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ለዚያ የሚኬደው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ነው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቶ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ከፈተ። ከመላው አገሪቱ ወረፋ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ሰው ሠራሽ በር የተገጠመለት ልጅም ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድና ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት፤ ይህን ከሽንሌ ወይም ከአውበሬ ሆኖ ማድረግ ለቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። ማዕከሉ የሚያድናቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ በሩ ሳይበላሽ የሚደርስላቸው ግን አዲስ አበባ ሳይሆን ቅርባቸው ያለ ሰው ነው።

ስለ ሕፃናት ሲወራ እናቶች ይረሳሉ። በልጅነቷ የጠበበ በር ሳይታወቅባት ያደገች ሴት አግብታ ስታረግዝ የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ልቧም ይፈጥናል። ልብ ስትፈጥን ደግሞ ደም በሚትራል በር የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል። ብዙ ደም፣ ጠባብ በር፣ ትንሽ ጊዜ፤ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ላይ ይከማቻል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር የሚጀምረው የትንፋሽ ማጠር የእርግዝና ድካም ተደርጎ ይታለፋል። አደጋው በምጥ ሰዓትና ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓታት ይበረታል። ጅግጅጋ የደረሰች እርጉዝ ለጽንሷ አልትራሳውንድ ስትነሳ፣ ያው የድምፅ ሞገድ በሌላ ፕሮብ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ልቧንም ሊያይ ይችል ነበር። ማሽኑ በብዙ ቦታ አለ፤ የጎደለው ወደ ደረት ከፍ እንዲል የሠለጠነ ባለሙያና ጠያቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 የአፍሪካ ኅብረት በጠራው ስብሰባ ከአህጉሪቱ የመጡ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመምን ለማጥፋት ሰባት ነጥብ ያለው መግለጫ አወጡ። ከነጥቦቹ አንዱ የምርመራ ዕውቀቱና መሣሪያው፣ የልብ አልትራሳውንድን ጨምሮ፣ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወርዶ ወደ ወረዳ እንዲደርስ የሚል ነው። ሌላው ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲቀርብ፣ ሌላው ደግሞ የሕሙማን መዝገብ እንዲኖር ነው። መግለጫው በወጣበት አገር ይህን ነጥብ በነጥብ ማስታወስ ተገቢ ነው።

መሣሪያው ወደ ወረዳ የሚወርድበት መንገድ ዛሬ ተከፍቷል። ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር የሚገናኝ፣ ኪስ የሚገባ ፕሮብ ቀለሙን ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ የእጅ ማሽኖች ፍጥነትን በትክክል የሚለካው የዶፕለር ክፍል አልነበራቸውም። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመዘኛ ደግሞ መለኪያውን ይጠይቅ ነበር፤ የሚያፈሰው ጅረት ቢያንስ በአንድ እይታ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝም፣ በሁለት እይታ እንዲታይ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 3 ሜትር እንዲደርስ። በ2023 የወጣው አዲሱ መመዘኛ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። በእጅ ማሽን ቀለሙን ብቻ አይቶ መለየት አንድ ደረጃ ነው፤ የተለየውን ልጅ በትልቁ ማሽን ለክቶ ማረጋገጥ ሁለተኛው። በፊጂና በኡጋንዳ የመጀመሪያውን ደረጃ ነርሶች ሠልጥነው ሠርተውታል።

ይህ ክፍፍል ለክልሉ ሰሜን የተሰፋ ይመስላል። ጅግጅጋ የካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው የሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አሉባት። ቀብሪበያህ 50፣ ቶጎ ውጫሌ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ሽንሌ ለድሬዳዋ ትቀርባለች። ነርስ በትምህርት ቤትና በስደተኛ ጣቢያ ቀለሙን አይታ የጠረጠረቻትን ልጅ ለኢኮ ብትልክ፣ የሚጓዙት ሺዎች ሳይሆኑ ጥቂቶች ይሆናሉ። ለዚያ ቤተሰብ የአንድ ቀን መንገድና የአንድ ቀን ገቢ ማዳን ቀላል አይደለም።

ልጅቷ ከተገኘች በኋላ የሚሰጣት መድኃኒት ከማሽኑ ይልቅ ያረጀ ነው፤ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ካልተነሳ ትኩሳቱ አይመለስም፤ ትኩሳቱ ካልተመለሰ በሩ እየባሰ አይሄድም። በሰሜን ኡጋንዳ ገና ምልክት ያልታየባቸው፣ በኢኮ ብቻ የተገኙ 818 ልጆች ሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። መርፌውን ካገኙት መካከል የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት 8.2 በመቶ ናቸው። መርፌው ያማል፤ ልጆች ይሸሹታል። ባለሙያዎችም በአለርጂ ይገድላል ብለው ይፈሩታል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ምክር ግን ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ ቀድሞ በከፋ የተጎዳ ልብ በመዳከሙ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጾ፣ ልባቸው በጣም ለተጎዳ ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እንዲታሰብ ይመክራል። ማን በጣም እንደተጎዳ የሚለየውም ኢኮው ነው።

በፋፈንና በሲቲ ዞኖች የአራት ሳምንት ቀጠሮ የራሱ ችግር አለው። ቤተሰቡ በጂላል፣ በደረቁ ወቅት፣ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፤ የካረን ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። አንዳንዱ ዘመድ ድንበሩ ማዶ ነው፤ ልጅቷ አንዱን ወር ጅግጅጋ፣ ሌላውን ሐርጌሳ ልታሳልፍ ትችላለች። በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ብቻ የተጻፈ ስም እዚያው ይቀራል። መዝገቡ በየጤና ጣቢያው የሚታይ መሆን፣ ካርዱም ከልጅቷ ጋር መጓዝ አለበት። ካርዱ ላይ የመጨረሻው መርፌ ቀን፣ የመጨረሻው ኢኮ ቀንና የተለካው ቁጥር፣ ቤተሰቡ በጂላል የሚሰፍርበት ቦታና የሚደወልለት ዘመድ ስልክ ቢሰፍሩበት፣ ባቢሌም ሆነ ቶጎ ውጫሌ ያለች ነርስ ልጅቷን ሳታውቃት ቀጣዩን መርፌ ልትወጋት ትችላለች።